በመናኸሪያ በር ካሜራ ይዘው የኖሩት የአቶ ገዳሙ ቢያድግልኝ ዜና ሕይወት

ክቡራን አባቶቻችን ካህናት፣ የዕድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችን፣ እንዲሁም መኪና ስላልነበረ ከአምበር በእግርና በበቅሎ ተጉዛችሁ የደረሳችሁ ዘመዶቻችን፤ ልትቀብሩልንና ልታጽናኑን ስለቆማችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን። እኔ የሟቹ የወንድም ልጅ መሳፍንት እንዳለ ነኝ። በእሳቸው ቤት ያደግሁ በመሆኔ ቤተሰቡ ይህን እንዳነብ አዝዞኛል፤ ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

አቶ ገዳሙ ቢያድግልኝ ከአባታቸው ከአቶ ቢያድግልኝ ታረቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥላነሽ ውቤ በ1950 ዓ.ም. ዛሬ አነደድ ወረዳ በሚባለው አገር፣ ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ጤፍና ስንዴ አምርተው የሚኖሩ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ ቤታቸው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚያልፈው መንገድ አጠገብ ስለነበረ፣ ሕፃኑ ገዳሙ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ከእናታቸው እጅ አምልጠው አጥሩ ዘንድ ሄደው ይቆሙ እንደነበርና አቧራው እስኪበርድም ከዚያ አልነቀል ይሉ እንደነበር አያቴ ወይዘሮ ጥላነሽ ደጋግመው ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብራቸው የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ከደገሙ በኋላ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአምበር፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በአክስታቸው በወይዘሮ ሥራነሽ ቤት ተቀምጠው በ1969 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄደው በራጅ ባለሙያነት ሠልጥነው በተመረቁ ጊዜ፣ በ1972 ዓ.ም. ወደ ደብረ ማርቆስ ተመድበው በሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ያን ጊዜ ለአክስታቸው «ሁለት ዓመት ሠርቼ ወደ ሌላ አገር እቀየራለሁ» ብለው ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዚያው ሆስፒታል፣ ከዚያው ክፍል፣ አልተቀየሩም።

በዚያ ዘመን የራጅ ፊልም የሚታጠበው በቀይ መብራት በጨለማ ክፍል ስለነበር፣ አቶ ገዳሙ ከሥራቸው ጋር የፊልምን ጠባይ ተማሩ። ባዶ የሚመስለው ፊልም በውሃው ውስጥ ቀስ እያለ አጥንት ሲያወጣ ማየት መጀመሪያ አስገርሟቸው፣ ኋላም አስደስቷቸው፣ ከከተማው ፎቶ ቤቶች አንዱ ሲዘጋ ያገለገለ ዜኒት ካሜራ ገዝተው ለራሳቸው ደስታ ፎቶግራፍ ማንሳት ጀመሩ። ከዚህ ሥራ አንድም ቀን ገንዘብ አልተቀበሉም። ሠርግ እንዲያነሱ ሲለመኑም «እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፣ የምወደው ነገር ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. በሕይወታቸው ላይ ሁለት ነገር በአንድ ላይ መጣ። በአንድ በኩል ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር እንዲሄዱ ተመረጡ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሰሜን ጦር ግንባር የነበረው ታናሽ ወንድማቸው፣ አባቴ እንዳለ፣ መሞቱ ተረዳ። እኔ ያን ጊዜ ገና በእግሬ ያልቆምሁ ሕፃን ስሆን እናቴም ከወለደችኝ በኋላ ብዙ ሳትቆይ ዐርፋ ነበር። አቶ ገዳሙ ለመሰናበት አምበር በወረዱ ጊዜ አያቴ አቶ ቢያድግልኝ እኔን በጋቢያቸው እንደያዙ «ሂድ፣ አልከለክልህም፣ እመርቅሃለሁም። ብቻ ይህን ሕፃን ለማን ትተኸው እንደምትሄድ ንገረኝና ልመርቅህ» አሏቸው። አቶ ገዳሙ በማግሥቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሰው ዕድሉ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ጠየቁ።

ዕድሉ የተሰጠው ሌላ የሥራ ባልደረባቸው የሚጓዝበት ቀን ሲደርስ፣ አቶ ገዳሙ ሊሸኙት ካሜራቸውን ይዘው መናኸሪያ ሄዱ። ባልደረባቸው በአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ከተማዋ ሲመለከት አነሱት። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መናኸሪያ በር ሄዶ የሚሳፈረውን ሰው ማንሳት ልማዳቸው ሆነ። ፊልም እንደ ልብ ስለማይገኝ አንዱን ፊልም ለብዙ እሑዶች ያብቃቁት ነበር፤ ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሳይጫኑት ረጅም ጊዜ ይቆማሉ። ልጅ ሳለሁ አብሬያቸው ቆሜ ምን እንደሚጠብቁ ብጠይቃቸው «ሰውየው ዞር ብሎ እስኪያይ ነው» አሉኝ። ዞር ብሎ ያላየ ተሳፋሪ ከሆነ ሳያነሱት ይሄድ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ከነበሩት ከወይዘሮ የብርጓል አዱኛ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አምሳሉንና እየሩስን ወለዱ፤ እኔንም ከአያቶቼ ቤት አምጥተው ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉኝ፣ አስተማሩኝ። ከቤታቸው ጓሮ የነበረውን መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ደግሞ የበሩን ክፍተት ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ደፍነው ፎቶ ማጠቢያ አደረጉት። ወይዘሮ የብርጓል «ቀን የሆስፒታሉ ጨለማ፣ ማታ የቤቱ ጨለማ፤ ብርሃን የምታየው በስንተኛው ሰዓት ነው?» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ከውስጥ ሆነው «በሩን አትክፈቺው እንጂ ሌላው ይደርሳል» ብለው ይመልሳሉ። ልጆቹ ሁላችን ያንን በር መንካት እንደ ትልቅ ጥፋት እንቆጥረው ነበር።

አንድ ጊዜ ከቁይ ከተማ የመጡ እናት ዝናቸውን ሰምተው ቤታችን ድረስ ደረሱ። ልጃቸው ወደ መተማ እሄዳለሁ ብሎ በደብረ ማርቆስ አልፎ የት እንደገባ አልታወቀም፤ ፎቶም አልነበረውም። አቶ ገዳሙ መልኩንና የሄደበትን ወቅት ጠይቀው ከተረዱ በኋላ የዚያን ክረምት መግቢያ ኔጋቲቮች አንድ በአንድ በመብራት እያዩ ልጁን አገኙት፤ ዕለቱን አጥበው ሰጧቸው። እናትየዋ ፎቶውን ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ወዴት ነው የሚያየው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ገዳሙም «ወደ ኋላ ነው፣ እናቴ» አሏቸው። እናትየዋ ከሄዱ በኋላ ራት ሳይበሉ ጨለማ ክፍላቸው ገብተው ቆዩ፤ በሩን ገርበብ አድርገው ስለተዉት መብራት እንዳላበሩ አይተናል።

በዚህ ሁሉ ዘመን የማይለዩአቸው ወዳጃቸው እዚህ በመካከላችን የቆሙት የጂኦግራፊ መምህሩ አቶ አምደሚካኤል ናቸው። ሁለቱም እንደ አንድ ሰው ፎቶ ሲወዱ ኖረው በ1999 ዓ.ም. አቶ አምደሚካኤል ዲጂታል ካሜራ በገዙ ጊዜ ግን ክርክራቸው ተጀመረ፤ ቤታችንም ከዚህ ክርክር ዐርፎ አያውቅም። አቶ አምደሚካኤል በአንድ ጠዋት ብቻ ያነሷቸውን ፎቶዎች በካሜራው መስታወት እያሳለፉ ሲያሳዩ አቶ ገዳሙ «ይህን ሁሉ መቼ ልታየው ነው?» ይላሉ። «አንተስ ያነሳኸውን ለማየት ወር ትጠብቃለህ፤ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ቢሆንስ?» ሲሏቸው ደግሞ «ከጨፈነ ጨፍኖ ነበር ማለት ነው፤ ምን አደርገዋለሁ?» ይሏቸዋል። አቶ ገዳሙ ፊልም የሚያልቅ ስለሆነ ሰው እንዲመርጥ ያስገድዳል ባይ ነበሩ፤ አቶ አምደሚካኤል ደግሞ የድኻ ልጅ ሳይፈራ የሚማረው በዲጂታል ነው፣ እየተሳሳተ ያነሳል፣ የሚያባክነው ነገር የለም ይሉ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ማን እንዳሸነፈ አላውቅም።

ሁለቱም በየፊናቸው ተጎድተዋል። አቶ አምደሚካኤል የዓመታት ፎቶዎቻቸውን ያከማቹበት ኮምፒዩተር አንድ ቀን አልነሣም ብሎ ሁሉም ጠፋ፤ የወንድማቸው የመጨረሻ ፎቶም ከዚያው ውስጥ ነበር። ዕለቱን መጥተው ቤታችን ሲቀመጡ አቶ ገዳሙ ስለ ክርክሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ የአቶ ገዳሙ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኔጋቲቮች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ሻገቱ። ሁለቱ ወዳጆች በረንዳ ላይ ተቀምጠው በውሃ እየነከሩ ሲለያዩአቸው ዋሉ፤ የበዛው አልዳነም። አቶ አምደሚካኤል «እንግዲህ እኩል ሆንን» ቢሏቸው አቶ ገዳሙ «አልሆንንም፤ ያንተ ሳይሸት ነው የጠፋው» አሏቸውና ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ሲስቁ ሰማናቸው።

እያደር ግን ነገሩ ሁሉ በአቶ ገዳሙ ላይ እየጠበበ ሄደ። በሆስፒታሉ ራጁ ወደ ኮምፒዩተር ሲዞር ጨለማ ክፍሉ ተዘግቶ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ጥቁርና ነጭ ፊልምም፣ የፊልም ማጠቢያ መድኃኒቱም፣ የፎቶ ወረቀቱም ከአዲስ አበባ ገበያ ጠፋ። ልጃቸው አምሳሉ በሥራ ምክንያት ሐዋሳ በገባ ጊዜ በስንት ፍለጋ ያገኛቸውን ጥቂት ፊልሞች ላከላቸው፤ እሳቸውም ሳይነኩ ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ አስቀመጧቸው። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ በእነዚህ ፊልሞች የሚያደርጉትን ቆርጠው ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ሲሸኙ የኖሩበትን መናኸሪያ በራሳቸው ትኬት ገብተው ላሊበላን፣ አክሱምን፣ ሐረርን እያዩ ሊያነሱ አሰቡ። ወይዘሮ የብርጓል አዲስ ጫማና የመንገድ ቦርሳ ገዙላቸው።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ሊነሡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ወደቁ። ስትሮክ መሆኑ ታወቀ። ሕይወታቸው ቢተርፍም ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ከዚያ በኋላ አልታዘዟቸውም፤ ንግግራቸውም ከበደ።

ወገኖቼ፣ ሙት ሲወሳ መልካም መልካሙ ብቻ ይነገር እንደሚባል አውቃለሁ። ነገር ግን አጎቴ ያልሆነ ነገር ሲባልላቸው ስለማይወዱ እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ በዚያች ክፍል የተኙባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ለእሳቸውም ለቤተሰቡም እጅግ መራራ ነበሩ። የሚጎበኟቸውን ሰዎች መለሱ፤ የሚያጎርሷቸውን እጅ ገፉ፤ ለቀናት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውሉ ነበር። አውቶቡስ መንገዱ ላይ ጡሩምባ ሲነፋ መስኮቱ እንዲዘጋላቸው በግራ እጃቸው ምልክት ያሳዩ ነበር። ዜኒቱ ከባድ ነው፤ ፊልሙ የሚያልፈውም፣ የሚጫነውም በቀኝ እጅ ነው። አንድ ቀን በግራ እጃቸው ሊሞክሩት ፈልገው ደረታቸው ላይ ወደቀባቸው፤ ያን ቀን ካሜራውን ከክፍሉ እንድናወጣላቸው አዘዙ።

ልጃቸው እየሩስ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ገዝታ ብታመጣላቸው ከዓመት በላይ አልነኩትም። አቶ አምደሚካኤል ግን በየቀኑ እየመጡ ካሜራው ተገልብጦ ቢያዝ መጫኛው በግራ እጅ በኩል እንደሚውል፣ ፎቶውም ተገልብጦ ቢወጣ በመስታወቱ ላይ እንደሚቃና አሳዩአቸው። አቶ ገዳሙ «ምኑን ላንሳ? ግድግዳውን?» አሏቸው። ይህን ጊዜ በሩ ላይ የቆሙት ወይዘሮ የብርጓል፣ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ያልተናገሩትን ተናገሩ። «ዕድሜህን ሙሉ የሚሄደውን ስታነሳ ኖርህ፤ የቀረነውንስ? እኔን አንድ ቀን አንስተኸኝ ታውቃለህ?» አሏቸው። ድምፃቸው አልጮኸም። አቶ ገዳሙ ወደ እሳቸው ዞረው ብዙ ጊዜ አዩአቸው። የሠርጋቸው ፎቶ እንኳ በሌላ ሰው የተነሣ ነበር። ከዚያም ግራ እጃቸውን ለካሜራው ዘረጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ የብርጓልን በየቀኑ ያነሱ ነበር፤ ልብስ ሲያጣጥፉ፣ የተማሪ ደብተር ሲያርሙበት በነበረው አሮጌ ወንበር ላይ ሲያንቀላፉ፣ መድኃኒት ይዘው ሲገቡ፣ ሲቆጡም ጭምር። ብዙው የተንቀጠቀጠ ነበር። አቶ አምደሚካኤል የማይሆነውን ማጥፋት ቢያስተምሯቸው «አላጠፋም፤ የተንቀጠቀጠውም እሷ ናት» ብለው እምቢ አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞራቸውን ተዉ። ያም ሆኖ ከዚያች ክፍል አልወጡም፤ መውጣት እንደሚፈልጉም አልደበቁም። «ደህና ነዎት?» ሲባሉ «ታስሬያለሁ፤ ጠያቂዬ ግን ጥሩ ነው» ይሉ ነበር።

ኋላም በአካባቢያችን በተፈጠረው ችግር መንገዱ ሲዘጋ፣ መብራትና ስልክ ሲጠፋ፣ እኛ ሁላችን ከከተማችን መውጣት አቃተን። አቶ ገዳሙ የጎረቤቱን ሁሉ ጭንቀት ከሰሙ በኋላ «እንግዲህ ሁላችሁም እኔ ጋ ገባችሁ» አሉ፤ ቀልድ ቢመስልም የሳቀ አልነበረም። የዲጂታሉ ባትሪ አልቆ መሙያ ሲታጣ፣ የወይዘሮ የብርጓል ፎቶዎችም በማይነሣ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲቀሩ፣ በራሳቸው አንደበት ዜኒቱ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ፍሪጁ መብራት ካጣ ቢቆይም፣ የፊልሞቹም ጊዜ ቢያልፍም፣ ይሞከር አሉ። በወንበር ተሸክመን ከአጥሩ በር ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ አቶ አምደሚካኤል ካሜራውን ከዓይናቸው ላይ ይይዙላቸዋል፣ ፊልሙን ያሳልፋሉ፤ እሳቸው «አሁን» ሲሉ ወዳጃቸው ይጫናሉ። የብዙ ዓመት ተከራካሪዎቹ በአንድ ካሜራ እንዲህ ሲያነሱ አየናቸው። ያነሱትም የዚህን ሰፈር ሰው ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትምህርት ቤት የምትሄድበት ያጣችውን፣ ባዶውን መንገድ የሚያየውን ሁሉ። ከዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ አላችሁ።

ፊልሞቹ አልታጠቡም። መድኃኒቱ የለም፤ ወደ አዲስ አበባ የሚላኩበትም መንገድ አልተገኘም። አቶ አምደሚካኤል «ይወጡልን ይሆን?» ብለው ሲጠይቋቸው አቶ ገዳሙ «ባይወጡም አይተናቸዋል» ብለው መለሱላቸው።

በ2016 ዓ.ም. በዚህ በሐምሌ ወር ሕመሙ ዳግመኛ ተነሣባቸው። ሐኪሞች ከፍ ወዳለ ሕክምና እንዲሄዱ ቢጽፉላቸውም መኪና የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። ንስሓ አባታቸውን አስጠርተው፣ ሥጋውን ደሙን ተቀብለው፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ግራ እጃቸውን ወይዘሮ የብርጓል እንደያዙላቸው በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከሣጥኑ ፊት የምታዩት ፎቶግራፍ ከሆስፒታል መታወቂያቸው ላይ የተነሣ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ሲያነሱ ኖረው ለእሳቸው ከዚህ የተሻለ ስላላገኘን ይቅር በሉን።

አቶ ገዳሙ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የብርጓል አዱኛን፣ ልጆቻቸውን አምሳሉንና እየሩስን፣ እኔን የወንድማቸውን ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና ወዳጃቸውን አቶ አምደሚካኤልን ትተው ሄደዋል። ከእነዚህ መካከል ሐዋሳ ያለው የበኵር ልጃቸው አምሳሉ ይህን በምናነብበት ሰዓት የአባቱን ሞት አልሰማም። ስለዚህ እናታችን ወይዘሮ የብርጓል አንድ ነገር እንድለምናችሁ አዝዘውኛል። ከእናንተ መካከል ቀድሞ ከከተማው የሚወጣ ወይም ስልክ የሚያገኝ ሰው ቢኖር እባካችሁ በስልክ አትንገሩት። መንገዱ በተከፈተ ቀን እኔና አቶ አምደሚካኤል በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደን፣ ማለዳ በሩን አንኳኩተን፣ እንደ ወጉ እናረዳዋለን። እስከዚያ ድረስ ለእሱ አባቱ በሕይወት አለ።

በቀን በሌሊት የማትዘጋ በር ያለህ አምላካችን ሆይ፣ የአገልጋይህን የገዳሙን ነፍስ በቅዱሳንህ ማኅበር ተቀበላት፤ ለደከመው ጎኑ ዕረፍትን፣ ለጠበበው ዘመኑ ስፋትን ስጠው፤ ለቀረነውም በያለንበት መጽናናትን አድለን። አሜን።